የሞንግ ስደተኛ አባቶችና የቃል ግጥማቸው፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ሞንግ ሕዝብ፣ ስለ ስደተኛ አባቶች ሕይወትና ስለ ዜማ ግጥማቸው ሰው ደጋግሞ የሚጠይቀውን ሰብስበናል፤ ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሞንግ የሚባሉት እነማን ናቸው?

መነሻቸው ደቡብ ቻይና ነው። ስማቸው አንዳንዴ "ህሞንግ" ተብሎም ይጻፋል። ዛሬም ብዙ ወገኖቻቸው እዚያው ቻይና ይኖራሉ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጦርነትና ጭቆና ሲበረታባቸው ብዙዎቹ ወደ ደቡብ ወረዱ፤ በቬትናም፣ በላኦስና በታይላንድ ተራሮች ላይ ሰፈሩ። ጫካ መንጥረው፣ አቃጥለው ሩዝና በቆሎ ያመርቱ ነበር። አሳማና ዶሮ ያረቡ ነበር። ኦፒየም የሚባለውን አደንዛዥ ዕፅም ለገበያ ያበቅሉ ነበር። መሬቱ ሲደክም መንደሩን ነቅሎ ወደ ሌላ ተራራ መሄድ የኑሯቸው አካል ነበር።

ማኅበራዊ ኑሯቸው የቆመው በጎሳ ላይ ነው። ቫንግ፣ ያንግ፣ ሾንግ፣ ሊ፣ ታዎ፣ ሞዋ የጎሳ ስሞች ናቸው። አሜሪካ ያሉት ሞንጎች ብዙውን ጊዜ 18 ጎሳ ብለው ይቆጥራሉ። የአንድ ጎሳ ሰው ሁሉ ወንድምና እህት ነው። በሥጋ ዝምድና ባይኖራቸውም እርስ በርስ አይጋቡም። ይህ ነገር ወደ ግጥሙ ስንደርስ ያስፈልገናል።

ከላኦስ ለምን ተሰደዱ?

በ1960ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካ የስለላ ድርጅት ሲአይኤ በላኦስ ተራሮች ላይ የሞንግ ተዋጊዎችን በድብቅ መልምሎ አስታጠቀ። በ1962 በጄኔቫ በተፈረመው ስምምነት ላኦስ ገለልተኛ አገር ናት ተብሎ ስለነበር አሜሪካ በይፋ ጦር ማስገባት አልቻለችም። ስለዚህ ውጊያውን ገበሬዎች ተሸከሙት። አዛዣቸው ጄኔራል ቫንግ ፓኦ ነበር። ዋናው ጦር ሰፈር ሎንግ ቼንግ በሚባል ሸለቆ ውስጥ ነበር። ከኮሚኒስቷ ሰሜን ቬትናም ጦር ጋር ተዋጉ፤ ተመትተው የወደቁ አሜሪካዊ አብራሪዎችንም ያወጡ ነበር። ከ1964 እስከ 1973 ድረስ በላኦስ ላይ ከ2 ሚሊዮን ቶን በላይ ቦምብ ወረደ። ያልፈነዳው ዛሬም እርሻ ውስጥ ሰው ይገድላል።

በግንቦት 1975 ሁሉም ነገር ፈረሰ። ጄኔራሉና ጥቂት ሺህ ሰዎች በአውሮፕላን ወጡ። የቀረው ሕዝብ አስፋልቱ ላይ ቆሞ ሰማይ ሰማዩን ሲያይ ቀረ። አዲሱ የኮሚኒስት መንግሥት ሞንጎችን እንደ ጠላት አያቸው። ብዙዎች ጫካ ገቡ። አንዳንዱ ቤተሰብ ለዓመታት ሥር እየቆፈረ፣ ቅጠል እየበላ ኖረ። ከዚያ የሜኮንግን ወንዝ ተሻግሮ ታይላንድ መግባት ነበር ተስፋው።

አሜሪካ እንዴት ደረሱ?

በታይላንድ የስደተኛ ካምፖች በኩል ነው። ትልቁ በሎኢ ግዛት የነበረው ባን ቪናይ ነው። በ1975 ተከፍቶ በ1992 ተዘጋ፤ በአንድ ወቅት ከ40,000 በላይ ሰው ይኖርበት ነበር። ከዚያ ወደ አሜሪካ፣ ወደ ፈረንሳይ፣ ወደ አውስትራሊያ፣ ወደ ካናዳ ተበተኑ። በደቡብ አሜሪካ ጫካ፣ በፈረንሳይ ጉያና፣ ካካዎ የምትባል የሞንግ መንደር በ1977 ተቆርቁራለች። የመጨረሻው ትልቅ ቡድን፣ 15,000 ገደማ ሰው፣ ታይላንድ ውስጥ ዋት ታም ክራቦክ ከሚባል ገዳም አካባቢ ተነሥቶ በ2004 እና በ2005 አሜሪካ ገባ።

አሜሪካ በ1980 ያወጣችው የስደተኞች ሕግ ለሞንጎች በሩን ሰፋ አድርጎ ከፈተ። በሱዳን በኩል የወጡ ኢትዮጵያውያን በብዛት መግባት የጀመሩትም በዚሁ ሕግ ነው። ሚኒሶታ ውስጥ ሁለቱ ማኅበረሰቦች በአንድ ፋብሪካ፣ በአንድ ገበያ፣ በአንድ ትምህርት ቤት መገናኘታቸው ከዚያ የመጣ ነው። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ከ300,000 በላይ ሞንጎች አሉ። ዋና ዋና መኖሪያቸው ካሊፎርኒያ፣ ሚኒሶታና ዊስኮንሲን ነው። ከተማ ሲጠራ የሚኒሶታዋ ሴንት ፖልና የካሊፎርኒያዋ ፍሬስኖ ይቀድማሉ።

የአንድ ስደተኛ አባት ሕይወት በጥቅሉ ምን ይመስላል?

እዚህ የምንነግረው የአንድ ሰው ታሪክ አይደለም። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላኦስ የተወለዱ ብዙ ወንዶች የሚጋሩት ነው። ተራራ ላይ ተወለደ። የተወለደበትን ቀን የጻፈ የለም። አባቱን በበሽታ ወይም በጦርነት በልጅነቱ አጣ። ጦርነቱ እየከፋ ሲሄድ ትልልቆቹ አለቁና ልጆች ጠመንጃ ተሸከሙ፤ የ13 እና የ14 ዓመት ወታደር የተለመደ ነበር። ከ1975 በኋላ ጫካ ገባ። ብዙዎች ሚስታቸውን ያገኙት እዚያው በሽሽት ላይ ነው። ሜኮንግን በሌሊት ተሻገረ፤ የቀርከሃ ግንድ አስሮ፣ የተነፋ ፕላስቲክ ታቅፎ፣ ወይ በዋና። ሕፃናት እንዳያለቅሱና ወታደር እንዳይሰማ ኦፒየም ይቀምሱ ነበር። መጠኑ በዝቶ ያልነቁ ልጆች አሉ። ይህን የሚያስታውስ አባት ለልጆቹ ብዙ ባያወራ አይገርምም።

አሜሪካ ሲደርስ ዓለም ተገለበጠ። በአገሩ ቤት ሠሪ፣ አዳኝ፣ አስታራቂ የነበረ ሰው እዚህ ማንበብ የማይችል የፋብሪካ ሠራተኛ ሆነ። ሌሊት ፈረቃ፣ ብረት መሞረድ፣ ዕቃ መገጣጠም። የሐኪም ቀጠሮ ላይ የሚያስተረጉምለት የ9 ዓመት ልጁ ነው። ለአባትም ለልጅም ከባድ ነው። ብዙዎቹ ቁራጭ መሬት ተከራይተው አትክልት ማምረት ጀመሩ። ዛሬ የሴንት ፖል የገበሬዎች ገበያ ያለ ሞንግ ገበሬ አይታሰብም። በ2000 የወጣ ሕግ ደግሞ የጦርነቱን ዘማቾችና የትዳር ጓደኞቻቸውን ከእንግሊዝኛ ፈተና ነፃ አድርጎ እስከ 45,000 ለሚደርሱ ሰዎች የዜግነት በር ከፈተ።

አንድ የሚያምር ልማድም አለ። ወንድ ልጅ አግብቶ ልጅ ሲወልድ የሚስቱ ወላጆች በሥነ ሥርዓት የሽምግልና ስም ይሰጡታል። በልጅነት ስሙ ላይ አንድ ቃል ይጨመራል። ከዚያ ወዲያ በልጅነት ስሙ ብቻ መጥራት ነውር ነው። የአሜሪካ ወረቀት ግን ይህን አያውቅም፤ አንድ አባት በሁለት ስም ተመዝግቦ ቢሮ ለቢሮ ሲንከራተት ያየ ሰው ብዙ ነው።

ብዙ የሞንግ ወንዶች በእንቅልፋቸው ሞቱ የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ከ1977 ጀምሮ በአሜሪካ ከ100 በላይ ከደቡብ ምሥራቅ እስያ የመጡ ስደተኞች በእንቅልፍ ላይ ሞቱ። ብዙዎቹ ሞንግ ነበሩ። ከሞላ ጎደል ሁሉም ወንዶች፣ ወጣትና ጤነኛ የሚመስሉ ነበሩ። በ1981 ቁጥሩ ጣሪያ ነካ። በኋላ ሐኪሞች የልብን የኤሌክትሪክ ምት ከሚያዛባ ብሩጋዳ ከሚባል በዘር የሚወረስ ችግር ጋር አያያዙት። የሞንግ ሽማግሌዎች ደግሞ ደረት ላይ ተቀምጦ ትንፋሽ የሚያፍን የሌሊት መንፈስ እንዳለ ያውቃሉ። ቅድመ አያቶች በአዲሱ አገር መሥዋዕታቸውን ስላጡ አልጠበቁንም ያሉ ነበሩ። በዚያ ዘመን ለመተኛት የፈራ አባት ጥቂት አልነበረም።

ክ ትሲያ ምንድን ነው?

ሞንጎች በቃል እየፈጠሩ የሚያዜሙት ግጥም ነው። መሣሪያ አያስፈልገውም። መድረክም አያስፈልገውም። አንድ ሰው ቆሞ ወይም ተቀምጦ ረጅም ጥሪ በሚመስል ድምፅ ይጀምራል፤ ከዚያ ስንኙን ያወርዳል። አንዱ ግጥም አሥር ደቂቃ ሊፈጅ ይችላል፤ ከዚያም ይረዝማል።

ዜማው ዝም ብሎ ከላይ የተለጠፈ አይደለም። የሞንግ ቋንቋ ሰባት ስምንት የድምፅ ከፍታ አለው፤ አንዱ ቃል ከፍ ሲል፣ ሲወርድ፣ ሲሰበር ትርጉሙ ይለወጣል። በአማርኛ "ቤት" የሚለውን ቃል አቅጥነንም አወፍረንም ብንለው ቤት ነው። በእነሱ ግን ሌላ ነገር ይሆናል። ስለዚህ ዜማው የቃሉን ከፍታ እየተከተለ ይሄዳል። ቃል ሲቀየር ዜማው አብሮ ይቀየራል። ግጥሙን ከዜማው ለይቶ መያዝ የማይቻለው ለዚህ ነው።

ግጥሙ እንዴት ይሠራል?

ዋናው ምሥጢር ጥንድ መሆኑ ነው። ገጣሚው መጀመሪያ ከተፈጥሮ አንድ ሥዕል ያነሣል፦ ጉም፣ ወንዝ፣ ወፍ፣ የደረቀ ቅጠል። ቀጥሎ የሰውን ጉዳይ ያስከትላል። ከዚያ ያንኑ ስንኝ እንደገና ይለዋል፤ ጥቂት ቃላት ብቻ ይለውጥና ቤት መድፊያው አዲስ ይሆናል። አሠራሩን ለማሳየት ያህል እኛው በአማርኛ የገጠምነው ይኸውና፦

ጉሙ ወረደ፣ ሸለቆውን ሞላ፣
እናት የሌለው ልጅ የሰው ትራፊ በላ።
ጉሙ ወረደ፣ ሸለቆው ላይ አደረ፣
እናት የሌለው ልጅ በሰው ደጅ ኖረ።

ሁለተኛው ጥንድ አዲስ ወሬ ብዙም አልጨመረም። ግን ሐዘኑን አጠለቀው። ሰሚው የመጀመሪያውን ጥንድ ሲሰማ የሁለተኛውን ቤት መድፊያ መጠበቅ ይጀምራል። አዋቂ ገጣሚ የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው፦ ያልተጠበቀ ግን ልክ የሆነ ቃል ያመጣል። ይህ ሁሉ ሳይጻፍ፣ በቆመበት፣ በዚያች ቅጽበት ነው። የማስታወስ ችሎታ ብቻ አይበቃም። ሞንጎች ለጌጠኛ ንግግር "የአበባ ቃል" የሚል አባባል አላቸው፤ ገጣሚ የሚባለው ያ አበባ አፉ ላይ የማይደርቅበት ሰው ነው።

ስንት ዓይነት ክ ትሲያ አለ?

ብዙ አለ። የፍቅር አለ፤ ወጣቶች የሚወዱት እሱን ነው። የወላጅ አልባ፣ የምራት፣ የሞት፣ አገር ለቆ የመሄድም አለ።

የወላጅ አልባው እንጉርጉሮ ከሁሉም ይበልጥ ልብ ይነካል። በሞንግ ተረትም በግጥምም ወላጅ አልባው ልጅ ትልቅ ሰው ነው። ጎሳ ሁሉ ነገር በሆነበት ኑሮ ውስጥ አባት የሌለው ልጅ መሬት የለውም፣ ጥሎሽ የሚከፍልለት የለም፣ ጠበቃም የለውም። የጦርነቱ ትውልድ ደግሞ ከሞላ ጎደል ወላጅ አልባ ነው። የጥንቱ ግጥም ድንገት የሁሉም ሰው የሕይወት ታሪክ ሆነ። የምራቷ እንጉርጉሮም እንዲሁ ነው፦ ተድራ ወደ ባሏ ጎሳ የሄደች ልጅ ጎህ ሳይቀድ ተነሥታ በቆሎ የምትፈጭበት፣ የእናቷን ቤት ከሩቅ የምታይበት።

አገር ስለመልቀቅ የሚዜመው ከ1975 በኋላ ገነነ። ወንዙ፣ ካምፑ፣ የተቀበሩበት ያልታወቁ ወንድሞች፣ በረዶ፣ አውሮፕላን ገብተውበታል። እኔን ከጠየቃችሁ የላኦስን ጦርነት ታሪክ የሚጽፍ ሰው ከሰነዱ እኩል እነዚህን ግጥሞች መስማት አለበት። ሰነዱን የጻፉት አዛዦቹ ናቸው። ግጥሙን ያዜሙት በእግራቸው የሸሹት ናቸው።

ሴቶችም ያዜማሉ?

አዎ፣ እኩል። ታዋቂ ከሚባሉት አዋቂዎች ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው። የፍቅሩ ዜማ ራሱ ወንድና ሴት እየተቀባበሉ የሚሄድበት ስለሆነ አንዱ ያለ ሌላው አይሆንም።

መቼና የት ነው የሚዜመው?

እርሻ ላይ፣ መንገድ ላይ፣ ብቻ ሲሆኑ። ከሁሉ በላይ ግን በዓመት በዓል ነው። የሞንግ አዲስ ዓመት አዝመራው ከገባ በኋላ ይከበራል። ወንዶችና ሴቶች ልጆች ፊት ለፊት ተሰልፈው የጨርቅ ኳስ ይወራወራሉ። ኳሱን የጣለ ጌጡን ያስይዛል ወይም ያዜማል። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ በጨርቅ ኳስ ፋንታ ብዙዎች የቴኒስ ኳስ ይዘው ነው የሚወጡት። ፍሬስኖ በዲሴምበር መጨረሻ የሚደረገው በዓል በጣም ትልቅ ነው። እዚያ የክ ትሲያ ውድድርም ይኖራል።

ነውሩም መታወቅ አለበት። የፍቅር ክ ትሲያ እህትና ወንድም ባሉበት፣ ወላጆች ፊት፣ ቤት ውስጥ አይዜምም። የአንድ ጎሳ ልጆችም እርስ በርስ አይቀባበሉም፤ ወንድምና እህት ናቸውና። አንድ ሞንግ አባት በልጁ ፊት የወጣትነት ዜማውን ለማሰማት ቢያፍር ባህሉን ማክበሩ ነው እንጂ ረስቶት አይደለም።

መሣሪያው ይናገራል የሚባለው ምን ማለት ነው?

ቃል በቃል ይናገራል። ቄንግ የሚባለው ስድስት የቀርከሃ ቱቦ ያለው የትንፋሽ መሣሪያ የቋንቋውን የድምፅ ከፍታ ይከተላል። ነፊው ቃላቱን በልቡ ይዞ ከፍታቸውን ይነፋዋል። የተማረ ጆሮ ከዜማው ውስጥ ዓረፍተ ነገሩን ያወጣል፤ ያልተማረው የሚሰማው ሙዚቃ ብቻ ነው። በጥርስ መካከል ይዘው በጣት የሚነኩት ትንሽ የናስ መሣሪያም አለ። ድምፁ ከሹክሹክታ አይበልጥም። በድሮ ጊዜ ጎረምሳው ሌሊት መጥቶ በእንጨቱ ግድግዳ በኩል ለልጅቷ ፍቅሩን የሚነግራት በእሱ ነበር። ወላጆቿ ቢሰሙ እንኳ ምን እንዳለ ለመለየት ይቸገራሉ። ቅጠል በከንፈር ይዞ መንፋትም ያንኑ ሥራ ይሠራል።

በቀብር ላይ የሚዜመው ከክ ትሲያ ይለያል?

በጣም ይለያል። ክ ትሲያ ማንም የሚፈጥረው ነው። የቀብሩ ቃል ግን ከአዋቂ የተማረ ሰው ብቻ የሚለው፣ ትክክለኛ ቅደም ተከተል ያለው ረጅም ዜማ ነው። ከሙሾ ጋር አታምታቱት። ሙሾ የቋሚን ሐዘን ያወጣል፤ ይኼኛው የሚናገረው ለሟቹ ነው። መንገድ ያሳየዋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መንገድ መሪው ሟቹን በስሙ ጠርቶ ከሞተበት ቦታ ያስነሣዋል። ከዚያ የኖረባቸውን ቦታዎች ወደ ኋላ እየቆጠረ ይመልሰዋል። እዚያ ለበላኸው፣ ለጠጣኸው ውኃ፣ ላነደድከው እንጨት የቦታውን መንፈስ አመስግን ይለዋል። በመጨረሻ የተወለደበት ቤት ይደርሳል። እዚያ የእንግዴ ልጁ ተቀብሯል፦ የወንድ ከሆነ በቤቱ ምሰሶ ሥር፣ የሴት ከሆነች በወላጆቿ አልጋ ሥር። ነፍስ ያንን እንደ ልብስ ለብሳ ነው ወደ አያቶቿ የምትሄደው። አስቡት እንግዲህ ሴንት ፖል የሞተ አባትን። መሪው ከሚኒሶታ ይነሣል፣ ባሕር ያሻግረዋል፣ ካምፑን ያሳልፈዋል፣ ሜኮንግን መልሶ ያሻግረዋል፣ በቦምብ የጠፉትን መንደሮች በስም እየጠራ ያወጣዋል። ልጆቹ የአባታቸውን ሙሉ የሕይወት መንገድ በተራ ሲጠራ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰሙት ብዙ ጊዜ በዚህ ሰዓት ነው።

ቀብሩ ቀናት ይፈጃል። በሚኒሶታ ብዙውን ጊዜ ቅዳሜና እሑድን አካቶ እስከ ሰኞ ይዘልቃል። በመጨረሻዎቹ ሰዓቶች ሌላ አዋቂ ደግሞ ለቤተሰቡ ምክርና ምርቃት በዜማ ያወርዳል። ልጆቹ ተንበርክከው ይሰሙታል።

ክርስቲያን የሆኑትስ?

ላኦስ ውስጥ ከ1950 ገደማ ጀምሮ፣ አሜሪካ ከገቡ በኋላ ደግሞ ይበልጥ፣ ብዙ ሞንጎች ክርስትናን ተቀብለዋል። አብዛኞቹ የቀብሩን መንገድ መሪ ቃል ትተዋል፤ ከቅድመ አያቶች መንፈስ ጋር የተያያዘ ስለሆነ። ክ ትሲያ ግን የአምልኮ ነገር ስላልሆነ በብዙ ክርስቲያን ቤት ቀጥሏል። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ግማሹ ክርስቲያን ግማሹ የጥንቱን የያዘ ሲሆን አባት ሲሞት በየትኛው ይቀበር የሚለው ክርክር ግን እውነተኛና የሚያቆስል ነው።

ጽሑፍ ስላልነበራቸው ነው በቃል የያዙት?

በከፊል። እስከ 1950ዎቹ ድረስ በሰፊው የሚሠራበት ጽሑፍ አልነበራቸውም። ከ1951 እስከ 1953 ባለው ጊዜ ላኦስ ውስጥ የነበሩ ሚስዮናውያን በላቲን ፊደል አዘጋጁላቸው። ዛሬ ዓለም ላይ ያሉ ሞንጎች የሚጠቀሙት በአብዛኛው እሱን ነው። በቃሉ መጨረሻ ላይ የሚቀመጠው ፊደል አይነበብም፤ ድምፁ ከፍ ይበል ዝቅ ይበል የሚያሳይ ምልክት ነው። በ1959 ደግሞ ሾንግ ሉ ያንግ የሚባል፣ ማንበብና መጻፍ ያልተማረ ገበሬ፣ ፓሃው የተባለ ራሱን የቻለ ፊደል ፈጠረ። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ሙሉ ፊደል ሲፈጥር በታሪክ እጅግ ጥቂት ጊዜ የሆነ ነገር ነው። በ1971 ተገደለ።

ጽሑፍ ከመጣ በኋላም ግን ክ ትሲያ በቃል ቀጠለ። ጽሑፍ ማጣት ብቻ አልነበረም ምክንያቱ። ግጥሙ የሚወለደው ከፊት ለፊት ከቆመ ሰው ጋር ነው።

በስደት ግጥሙ እንዴት ተጓዘ?

በካሴት። ማንበብ የማይችል ሰው ደብዳቤ አይጽፍም፤ ቴፕ ግን ይቀዳል። በ1980ዎቹ ከሚኒሶታ ወደ ባን ቪናይ፣ ከፈረንሳይ ወደ ካሊፎርኒያ ካሴት ይመላለስ ነበር። ሰላምታ፣ የማን ልጅ ተወለደ፣ የማን እናት ሞተች፣ ከዚያ መሐል ላይ ክ ትሲያ። የሰማው ቤተሰብ አልቅሶ ሲያበቃ መልሱን ቀድቶ ይልካል። በኋላ በነፃ የስልክ መስመር ብዙ ሰው በአንዴ የሚገባበት የወሬና የዜማ ፕሮግራም ተጀመረ። ዛሬ ዩቲዩብ ላይ የአረጋውያን ዜማ በሽበሽ ነው።

ሴቶች በበኩላቸው ታሪኩን በመርፌ ጻፉት። ካምፕ ውስጥ የተጀመረው ባለ ሥዕል ጥልፍ መንደሩን፣ ሄሊኮፕተሩን፣ ወንዙን በክር ያሳያል። አንድ ጥልፍ ግድግዳ ላይ ያለበት ቤት ስትገቡ ምን እንደሆነ ጠይቁ፤ ብዙ ወሬ ይከፈታል።

አባቶቹ ለምን ማዜም አቆሙ?

የተለመደው መልስ "ሥራ በዛባቸው፣ ባህሉ እየጠፋ ነው" የሚል ነው። ሌሊት ፈረቃ ማሽን አጠገብ ቆሞ የሚያድር ሰው በርግጥ ይደክመዋል። እኔ ግን ዋናው ምክንያት ሌላ ይመስለኛል። ክ ትሲያ መልስ ይፈልጋል። አንዱ ሲጥል ሌላው የሚያነሣበት ነገር ነው። አባት ያዜማል፣ ልጁ ዜማውን ይሰማል፣ ቃሉን ግን አይዝም። "ደስ ይላል አባዬ" ይለዋል። ያ መልስ አይደለም። ቤት መድፊያው ልክ ስለመሆኑ የሚፈርድለት፣ በተሻለ ቃል የሚያሸንፈው ሰው ከሌለ የአበባ ቃሉ ምን ያደርግለታል?

ስለዚህ የጠፋው ዘፋኙ አይደለም። የጠፋው ሰሚው ነው። ሁለቱን ለይቶ ማየት ይጠቅማል፤ መፍትሔውም የተለያየ ነው። በርካታ ወጣቶች ይህን ተረድተው አድገው ወደ ቋንቋው ተመልሰዋል። ሚኒሶታ ውስጥ ሞንግኛ የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች አሉ። ቄንግ የሚማሩ ልጆችም አሉ።

ግጥሙ ሊተረጎም ይችላል?

ሐሳቡ ይተረጎማል። ጥንዱ፣ ቤት መድፊያውና የድምፁ ከፍታ ግን ይወድቃሉ። የተተረጎመ ክ ትሲያ ሲነበብ "ለምን አንዱን ነገር ሁለቴ ይላል?" የሚያሰኘው ለዚህ ነው። በዋናው ቋንቋ ሁለተኛው ጥንድ ውበቱ ነው፤ በትርጉም ትርፍ ነገር ይመስላል። ጥሩ ተርጓሚ ድግግሞሹን አይቆርጥም። የመሬት ስሞችን፣ የዛፍና የወፍ ስሞችንም እንዳሉ ይተዋቸዋል። አሜሪካ ያደገ ልጅ እንኳ የማያውቃቸው ብዙ የድሮ ቃላት አሉበትና አንድ ሽማግሌ አጠገብ ቁጭ ብሎ ቢተረጎም ይሻላል።

ሞንግ ጎረቤት ወይም የሥራ ባልደረባ አለኝ። ግጥሙን ለመስማት ወይም ለመቅዳት እንዴት ልጠይቅ?

መጀመሪያ ክ ትሲያ እንዲያዜሙ አይጠይቁ። ከየትኛው መንደር እንደመጡና የየትኛው ጎሳ ሰው እንደሆኑ ይጠይቁ። ትልቅ ሰው ከሆኑ የሽምግልና ስማቸውን ጠይቀው በእሱ ይጥሯቸው። የጦርነቱን ጥያቄ እሳቸው ካላነሡት አያንሡ። ልጆቻቸው ወይም የወንድማቸው ልጆች ባሉበት የፍቅር ዜማ ማስጠየቅ ያሳፍራል፤ የወላጅ አልባውን ወይም የአገር መልቀቁን ቢጠይቁ ግን አይከፉም። የእንግሊዝኛቸውን ማነስ አይተው ንግግራቸው ሁሉ እንደዚያ ነው ብለው አያስቡ።

የቀብሩን ቃል ቤት ውስጥ በሉልኝ ማለት ፈጽሞ አይገባም። ሞት በሌለበት ቤት ያንን ማለት ሞት መጥራት ነው። ተማሪዎቹ እንኳ የሚለማመዱት ከቤት ውጭ ነው።

ከተፈቀደልዎ ሲቀዱ ከዜማው በፊት ስማቸውን፣ ጎሳቸውን፣ የተወለዱበትን መንደር፣ ዜማውን ከማን እንደሰሙ ያስነግሯቸው። ነጭ ሞንግ ይሁኑ አረንጓዴ ሞንግ ይጻፉ፤ ሁለቱ ዘዬዎች ይለያያሉ። ከዜማው በኋላ ማጥፊያውን ቶሎ አይጫኑ። ብዙ ሽማግሌዎች ዜማውን ሲጨርሱ ትርጉሙን በተራ ንግግር መልሰው ይነግራሉ። ቅጂውን ለሳቸው ወይም ለልጆቻቸው ይስጡ። ሳይጠይቁ ኢንተርኔት ላይ አይልቀቁት።